ፊታውራሪውን ያስጎነበሰ በር

ፊታውራሪ ሀብተየስ ያሠሩት አዳራሽ በሩ ፈረሰኛ ያሳልፋል፤ ግን ሦስት ምድጃ እየነደደም የመንዝ ብርድ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። አንዲት ባልቴት በወፍራም ድንጋይና በጭቃ የሠራቻት ጎጆ ያለ እሳት ትሞቃለች ሲባል ሰሙና ሊያዩ ሄዱ። ሲገቡ ግንባራቸው ከጉበኑ ጋር ተላተመ።

የቤቱ ሙቀት በርኖሳቸውን አስወለቃቸው፤ ንዴታቸውን ግን አላበረደውም።

«አንቺ! ሹም የሚያስጎነብስ በር ትሠሪያለሽ? ለምን እንዳሳጠርሽው አሁኑኑ ካላስረዳሽኝ ቤቱን አስፈርሰዋለሁ!»

ባልቴቷ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ በሩን የለካሁት ለብርዱ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ማጎንበስ አይወድም፤ እዚህ ደጃፍ ይደርስና ተቆጥቶ፣ ቀና ብሎ ወደሚገባበት ወደ እርስዎ አዳራሽ ይሄዳል።»