ወንጭፊትና የሾላዋ ጸሎት ቤት

አንድ ጊዜ እንስሳት በየእሑዱ የሚሰበሰቡባት፣ በትልቅ ሾላ ሥር የተሠራች ጸሎት ቤት ነበረች፤ መጋቢዋም አህያ ነበር። መጋቢ አህያ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ስብከቱም ይረዝማል። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲደክም ስለሚያዩት ማንም አያማርርበትም። ጠዋት የታመመች ዶሮ ይጠይቃል። ረፋዱ ላይ በግጦሽ የተጣሉ በግና ፍየል ያስታርቃል። ከሰዓት በኋላ ልቅሶ ይደርሳል፣ ሲመለስም አቅም ላነሳት አሮጊት ላም ውኃ በጀርባው ተሸክሞ ይመጣል።

ከወንዙ ማዶ የንጉሥ አንበሳ የሩጫ ሜዳ ነበር። እዚያ ወገባቸው የቀጠነ፣ እግራቸው የረዘመ ውሾች ይወዳደራሉ። አያ ጅቦ ገለባ የተሞላ ቡናማ ነገር በገመድ እየጎተተ ከፊት ይሮጣል፣ ውሾቹ ይከተሉታል፣ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ይጮኻል። ከውሾቹ ሁሉ የምትፈጥነው ወንጭፊት ነበረች። መጋቢው ሜዳውን ረግጦት አያውቅም፤ ስሟን ግን በደንብ ያውቃል። ምእመናኑ ከጸሎት ቤት ወጥተው ገና በሩን ሳይርቁ የሚያወሩት ስለ እርሷ ነበርና።

አንድ ቀን መጋቢው ከልቅሶ ሲመለስ በሜዳው ጀርባ ሲያልፍ የውሻ እንጉርጉሮ ሰማ። ጠጋ ቢል ወንጭፊት ከግራር ግንድ ጋር ታስራ ተኝታለች። የኋላ እግሯ አብጧል፣ ጎኗ አጥንት ብቻ ነው። አያ ጅቦ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ምራቁን ያዝረበርባል።

«ምን ሆና ነው?» አለ መጋቢው።

«ጡረታ ወጥታለች» አለ ጅብ። «እግሯ ወልቋል፣ ከእንግዲህ አትሮጥም። ዛሬ የስንብት ግብዣዋ ነው።»

መጋቢው ዙሪያውን ተመለከተ። ድግስም የለም፣ እንግዳም የለም።

«የተጋበዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሚበላውስ?»

ጅብ ወንጭፊትን አየት አድርጎ ምራቁን ዋጠ።

ከጅብ ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ አህያ ብቻ ነው የሚያውቀው። መጋቢው ግን ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠበት። «ዕድሜዋን ሙሉ አስሮጣችኋት። ያንተም እንጀራ የሷ እግር ነበር። አሁን ልትበላት ቁጭ ብለሃል? ፍታት። አልፈታም ካልክ አሁኑኑ ንጉሡ ዘንድ ሄጄ አቤት እላለሁ።»

ጅብ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ስለ ሽልማቱ ሥጋ ማን ነገረህ?» አለ። «ንጉሡ ለውሾቹ የሚሰጠውን ሁሉ ይበላል የሚለኝ ካለ ውሸት ነው። አጥንቱን እተውላቸዋለሁ።»

መጋቢው ስለ ሽልማቱ ሥጋ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያሸነፈችበትን ሥጋ እየተቀማች በረሃብ ስትሮጥ መኖሯን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጆሮዎቹ በንዴት ቀጥ አሉ።

«ፍታት አልኩህ» አለ።

ጅብ ንጉሡን ፈርቶ ገመዱን ፈታ። መጋቢው ተንበርክኮ ወንጭፊትን በጀርባው ጫናት፣ ወንዙን ተሻግሮም ቤቱ አስገባት። ድርቆሽ ቢያነጥፍላት መተኛቱን አልቻለችበትም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የመነሻ ምልክት እየመሰላት ትነሳለች።

«ነገ የምሮጠው በስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«ከእንግዲህ አትሮጪም።»

«ታዲያ በምን እበላለሁ?»

 መጋቢው ገንፎ ከፊቷ አስቀምጦ፣ እያየኋት ትሳቀቃለች ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

እሑድ ሲደርስ ወንጭፊት እያነከሰች ከኋላው ተከተለችው። የጸሎት ቤቷ ሽማግሌ ቀበሮ ነበር። በሩ ላይ ጠበቃቸው፣ ገና ከሩቅ ሲያያትም ጅራቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

«መጋቢ፣ ልብዎ ሩኅሩኅ እንደሆነ እናውቃለን» አለ ድምፁን አለስልሶ። «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ለእመት ጥንቸል አዝኜ ነው። ባሏ ወጥቶ ከቀረ ገና ዓመት አልሞላውም። ጥንቸል ስታባርር የኖረች ውሻ አጠገቧ ማስቀመጥ ምን ዓይነት እረኝነት ነው?»

«እውነቱን ነው» አለች በግ። «ልጆችም አሉን» አለች ፍየል። ዶሮዎቹ ከበሩ ሸሹ። ሁሉም ተያያዙና ወንጭፊት እንዳትገባ መንገዱን ዘጉባት።

መጋቢው ወደ በጓ ዞረ። «ባለፈው ወር ድምፅሽ እስኪዘጋ ስሟን ስትጠሪ አልነበረም?»

«ያኔማ ትሮጥ ነበር» አለች በግ።

ይህን ጊዜ እመት ጥንቸል ከመካከል ወጣች። ቁመቷ የወንጭፊትን ጉልበት አይደርስም፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም።

«ጥንቸል ይዘሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«በሕይወት ያለ ጥንቸል ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» አለች ወንጭፊት። «እኛ የምንከተለው ገለባ የተሞላ ቆዳ ነበር።»

«የምን ቆዳ?»

«የጥንቸል። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። የመጨረሻው የግራ ጆሮው ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር።»

እመት ጥንቸል ባለችበት ቁጭ አለች። ባሏ በልጅነቱ አጥር ሲዘል እሾህ ጆሮውን እንደሰነጠቀው በዚያች ጸሎት ቤት የማያውቅ አልነበረም። ለወንጭፊት ግን የነገራት ማንም የለም።

«ቆዳውን የሚያመጣው ማነው?» አለች እመት ጥንቸል በቀስታ።

ወንጭፊት በሩ ላይ ወደቆመው ቀበሮ ተመለከተች። «እሱ ነው። ሥጋውን በልቶ ቆዳውን ለአያ ጅቦ ያስረክባል።»

ቀበሮ ሳቅ አለ። «ጎበዝ፣ የጎዳና ውሻ ቃል ከሽማግሌያችሁ ቃል ሊበልጥ ነው?»

 መጋቢው ቀስ ብሎ ወደ እርሱ ሄደ። ለሽማግሌነቱ ሲል እስከዚያ ቀን «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያነጋግረው።

«በእመት ጥንቸል ባል ልቅሶ ላይ ከሁላችን አብልጠህ ያነባኸው አንተ ነበርክ» አለው። «እጇን ይዘህ ያጽናናሃት አንተ ነህ። እኔም አምኜህ በፊቷ አመሰገንኩህ።»

ቀበሮ ዓይኑን አንከራተተ፣ በፍየሏ እግር መካከል ሾልኮም ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ።

ያን ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። «ወንጭፊት፣ ያዢው። ሩጪ። ሩጪ እንጂ።»

ወንጭፊት ጩኸቱን ስትሰማ እንደ ልማዷ ተነሳች። ያበጠ እግሯ ከሥሯ ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም አንገቷን ወደ ፊት ዘረጋች። መጋቢው መንገዱ ላይ ቆመባት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አላት፤ ከዚያም ወደ ምእመናኑ ዞረ። እንዲያ ተቆጥቶ ያየው አልነበረም።

«አሁን አትገባም ብላችሁ በር ዘጋችሁባት። ወዲያው ደግሞ በወለቀ እግሯ ሩጪልን ትላላችሁ። ያን ቆዳ ቆማችሁ ስታዩ ኖራችኋል፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችሁ አንድ እንኳ አልተገኘም። እናንተስ እግር የላችሁም?»

የዚያን እሑድ ስብከት ይህ ብቻ ነበር። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ አውራው በግ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ወጣ፣ ፍየሎቹም ተከተሉት። ቀበሮን ወንዙ ዳር ደረሱበት፣ ከፊት ከኋላ ከበውም እያዳፉ ንጉሡ ዘንድ አቀረቡት።

ቀበሮ በዚያም ራሱን ሊያድን ነገሩን ሁሉ በጅብ ላይ ለጠፈ፤ የሽልማቱንም ሥጋ ጉዳይ አወጣው። ንጉሥ አንበሳ ሥጋው መሰረቁን ሲሰማ አገሳ፣ ሁለቱንም ከአገር አባረራቸው። ስለ ጥንቸሎቹ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሩጫውም አልቆመም። ከሾላዋ ሥር ግን ወደዚያ የሚሄድ ጠፋ፤ በጓ ብቻ አንዴ ሁለቴ ተደብቃ ሄዳለች ብለው ያሟታል።

መጋቢው ከሜዳው ቆዳውን ጠይቆ አመጣ። እመት ጥንቸል ገለባውን በእጇ አወጣችለት፣ የተሰነጠቀውንም ጆሮ ደባበሰች። ከሾላዋ ጎን ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲቀበር ምእመናኑ ሁሉ መጡ፤ ልቅሶውም እንደ አዲስ ተለቀሰ። ወንጭፊት ማንም እንዳያያት ከአጥሩ ውጭ ተኝታ ነበር። እመት ጥንቸል ሄዳ ጠራቻት።

«እኔ ከኋላው ስሮጥ ነው የኖርኩት» አለች ወንጭፊት። «ከልቅሶው መቀመጥ አይገባኝም።»

«ሁሉም አይተውት ዝም አሉ» አለች እመት ጥንቸል። «ባሌን ያገኘሽልኝ አንቺ ነሽ። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ገብታ ተቀመጠች። መጋቢውም በሻካራ ድምፁ ጸሎቱን ጀመረ፣ እንደ ወትሮውም አስረዘመው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበቱ ሳለ እያጨበጨብን ስናስሮጠው በኖርነው ፍጡር ላይ በደከመበት ቀን በር መዝጋት ግፍ መሆኑን፣ የተገፋውን ያስጠጋ ቤት ግን ከእርሱ ጋር ተቀብሮ የኖረ እውነትም እንደሚገባለት ነው።