የትንግርት ሞግዚት

በአንድ ወቅት፣ አስፋልቱ ገበያዋን ለሁለት ሰንጥቆ በሚያልፍባት ከተማ፣ ጋሽ እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ የሐሰት ማመልከቻው፣ የሐሰት ምስክሩ፣ የሐሰት እንባው ሁሉ በፊታቸው አልፏልና ሰው አያምኑም። «እንደምን አደሩ» ያላቸውን እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይሉ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ከአፋቸው አይጠፋም። እንግዲህ የከተማዋ ዳኛ አንድ ጉዳይ ቢከብዳት፣ «አጣርተው ሐሳብዎን በጽሑፍ ያቅርቡልኝ» ብላ የላከችባቸው እኚህኑ ሰው ነው።

ጉዳዩ የዘጠኝ ዓመቷ ትንግርት ናት። እናቷ በአራስ ቤት ሞታለች። አምና በገበያ ቀን የጭነት መኪና ገጭቷት ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። ፍርድ ቤቱ ካሳ ፈርዶላታል። ካሳው በስሟ ባንክ ይቀመጣል፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ሞግዚቷ ነው። ሕጉ እናት ስትሞት ሞግዚትነቱን ለአባት ይሰጣል፤ ዞር ብሎ ደግሞ የልጅ ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል ይላል። ታዲያ ሦስት ሰዎች «ለእኔ ትሰጠኝ» ብለው ቀረቡ።

አንዱ አባቷ አስረስ ነው። ትንግርት ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ወጥቶ የቀረው አስረስ፣ አደጋውን በሰማ በሦስተኛው ቀን ከተፍ አለ። የመኪናው ባለቤት ቤተ ዘመዱን በአንድ ሙክትና በይቅርታ ሊሸኝ ሲል «አይሆንም!» ያለው እሱ ነው። ምስክር አሰባስቦ፣ የሐኪም ማስረጃ አውጥቶ፣ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ደጅ ጠንቶ ካሳውን አስፈረደ። ጋሽ እንዳላማው ግን «ልጅ ስትወለድ ያልሰማ ጆሮ፣ ካሳ ሲሸተው ሰማ» ብለው ጠረጠሩት።

ሁለተኛዋ አክስቷ ዘርፌ ናት። ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሆስፒታል ሦስት ወር ከአልጋዋ ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ ተኛች፤ የምትተዳደርበትን የልብስ ስፌት መኪና ለመድኃኒት ሸጠች። ነገር ግን በዚያ የገበያ ቀን «ክር ገዝተሽ ነይ» ብላ ልጅቷን ብቻዋን አስፋልት ያሻገረቻትም እሷው ናት፤ ፖሊስ ሲጠይቃትም ይህን ሸሽጋለች። ጋሽ እንዳላማው «ይቺ ልጅ ነው የምትፈልገው ወይስ ኃጢአቷን ማስተሰረያ?» አሉ በልባቸው።

ሦስተኛው የገጫት ሹፌር ይመር ነው። ስንቱ ሹፌር ሰው ገጭቶ ሕዝቡን ፈርቶ ሲሸሽ፣ ይመር ደሟ በሸሚዙ ላይ እየፈሰሰ፣ ድንጋይ ባነሳው ሕዝብ መሃል ታቅፏት አልፎ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ዳኛዋ ፊት ቆሞም «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እየበረርኩ ነበር» አለ። ልጅ አልወለደም። የእስራት ቅጣቱ ግን ገና አልተወሰነም። የበደላትን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ቅጣት እንደሚቀልለት ደግሞ ከጋሽ እንዳላማው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሽማግሌው ሊፈትኗቸው ወሰኑ። አንድ ጠዋት ሦስቱንም ግቢያቸው ጠሯቸው። ትንግርት ክራንቿን ከጎኗ አጋድማ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«መጥፎ ወሬ ነው ያለኝ» አሉ ጋሽ እንዳላማው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ካሳው በይግባኝ ተሽሯል። ቤሳ ቤስቲን የለም። አሁንስ ልጅቷን የሚወስዳት ማነው?»

አስረስ ፊቱ ጠቆረ። «ማን ሻረው? የፍርዱን ግልባጭ ይስጡኝ! ሰበር ድረስ እሄዳለሁ። እስከዚያ አክስቷ ጋ ትቆይ» ብሎ ተነሣ። ጋሽ እንዳላማው ፈገግ አሉ። ያዝኩህ፣ አሉ በልባቸው፤ በእሳቸው አገር የልጁን ደም ዋጋ በአፉ የሚጠራ አባት አባት አይባልም።

ዘርፌ ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለችና «ነይ ልዘልሽ፣ ቤታችን እንሂድ» አለቻት። የጋሽ እንዳላማው ልብ ሊራራ ሲል፣ በዚያው ጠዋት ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋር ስትንሾካሾክ ማየታቸው ትዝ አላቸው። ካሳው እንዳልተሻረ ሰምታ ቢሆንስ?

ይመር ወጥቶ ከጎረቤት ማር በስኒ ይዞ ተመለሰ። አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ወደ ትንግርት ዘረጋ። በአገሩ ልማድ ይህን የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ነው፤ ከአብራክ ልጅ አይለይም፣ ውሉም አይፈርስም። «ያለኝን እካፈላታለሁ» አለ። የቅጣት ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ መሆኑን ጋሽ እንዳላማው ልብ አሉ።

ትንግርት ማሩን አየች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ ካሳው ከሌለ ታዲያ እግሬስ?»

ሐኪሙ ሰው ሠራሽ እግር እንደሚገጠምላት፣ እያደገች ስትሄድም በየጊዜው እንደሚቀየርላት ነግሯት ነበር። ይህን ጋሽ እንዳላማው በመዝገቡ አንብበውታል፤ ፈተናቸውን ሲያሰናዱ ግን ጭራሽ ትዝ አላላቸውም። አስረስ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «ለዚያ አይደል እንዴ የምሟገተው!» አለ።

ሽማግሌው አፈሩ። በዚያ ግቢ በእርግጥ ዋሽቶ የተገኘ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ካሳሽ አልተሻረም፣ ልጄ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሏት። ዘርፌ በረጅሙ ተነፈሰች፤ የእፎይታ ይሁን የሌላ፣ ማን ያውቃል? ይመር ጣቱን አላጠፈም፤ ማሩ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ጋሽ እንዳላማው ገቡና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። ዳኛዋ የምትጠብቀው የአንድ ሰው ስም ነው። የአስረስን ጻፉና ሰረዙ፤ የዘርፌን ጻፉና ሰረዙ፤ የይመርንም እንዲሁ። ሦስቱን አሁንም ይጠረጥራሉ፤ ከሦስቱ ይልቅ ግን መጠርጠራቸውን መጠርጠር ጀምረዋል። ደጅ ክራንች መሬት ሲነካ ይሰማል፤ ልጅቷ መልሱን ልትሰማ ወደ በሩ እየመጣች ነው።

እናንተ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ እስክሪብቶው በእጃችሁ ቢሆን፣ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?