መሪጌታ ይሁኔና ስኳራቸው

አባቴ መሪጌታ ይሁኔ፣ ልጄ ክርስትና በተነሳች ዕለት ሌሊት አረፉ። ቀልዳቸውን ሰው ሁሉ እየጨመረ ያወራል። እኔ ያየሁትንና እናቴ የነገረችኝን ብቻ እጽፋለሁ።

ስኳር እንዳለባቸው ሲታወቅ ሐኪሙ እግርዎን ካልጠበቁ ይቆረጣል አላቸው። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን በሁለት እግራቸው ቆመው ክርስትና ሳያስነሱ እንደማይሞቱ ለእናቴ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ የመርፌ መድኃኒቱን እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ እያኖሩ ራሳቸውን በራሳቸው ይወጉ ጀመር። ማታ ማታ ደግሞ እግራቸውን ታጥበው ቁስል እንዳይኖር ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ያያሉ። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ መስታወቱን አይታ፣ መሪጌታ በእርጅናዎ ሊኳሉ ነው እንዴ አለቻቸው።

«ፊቴንማ እናንተ ታዩልኛላችሁ፤ እግሬን የሚያይልኝ ጠፍቶ ነው።»

ጠበል ወርደው ሳሉ አንድ ባሕታዊ መርፌውን ከከረጢታቸው አየና፣ እምነት ያለው ሰው ይህን ይጥላል ብሎ በሰው ፊት ገሠጻቸው። አባቴ ከባሕታዊው አጠገብ የተጋደመውን ወፍራም ዱላ አዩና ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ለጅብ ነው አላቸው።

«የእኔ ጅብ ደግሞ ውስጥ ነው ያለው።»

በድንበር ክርክር ተከሰው ችሎት ቆመው ሳሉ ላብ አጠመቃቸው። ስኳሩ እንደ ወረደ ገባቸውና ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ጎረሱ። ዳኛው ተቆጡ፤ ችሎቱ ሰርግ ቤት መሰለህ ወይ አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ይቺን ካልጎረስሁ ተከሳሹ ሊያመልጥዎ ነው።»

ዳኛው ወንበር አስመጡላቸው።

በክርስትናው ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በካልሲያቸው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ከዚያ ድግስ ሆነ። ግራዝማች አድማሱ መጡ፤ የእሳቸውን ጉርሻ እንቢ ያለ ሰው በአገሩ የለም። ማር የተቀባ ድፎ ዳቦ ቆርሰው አባቴ አፍ ድረስ አደረሱት። አባቴ አመሰገኑ፣ ስኳሩንም አስረዱ። ግራዝማች እጃቸውን አላወረዱም።

«በሞቴ፣ መሪጌታ» አሉ ግራዝማች።

«በእርስዎ ሞት ቢሆንማ እበላ ነበር፤ የሚመጣው የእኔ ነው እንጂ።»

ግራዝማች ስቀው ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት።

ማታ እንግዳው ሲሄድ አባቴ እግራቸውን ታጠቡ። መስታወቱን አነሱ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉና «እስቲ አንተ እይልኝ» አሉ።

ኩራዙን አስጠግቼ አየሁ። ቁስል የለም አልኳቸው።

ካልሲያቸውን አጠለቁና ተኙ።