የእድሩ ጡሩምባና የሊቀመንበሩ ማኅተም

ተላላፊ በሽታ በበረታ ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ዘርጋው ከአራት ሰው በላይ ለቀብር እንዳይወጣ ከለከሉ። "አበጁ" ያለም፣ "ግፍ ነው" ያለም ነበር። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሚስቱን ሲቀብር አምስተኛ ሰው ተገኘ ተብሎ ሦስት ቀን ታሰረ።

በወሩ የሊቀመንበሩ አባት አረፉ። አቶ ዘርጋው ጡሩምባ ነፊውን አስጠርተው፣ "አገር ምድሩን ጥራልኝ! የአባቴ ቀብር እንደ ተራ ሰው ቀብር አይደለም" አሉት።

"እሺ ጌታዬ፣ ሕዝቡን እኔ እጠራለሁ" አለ ጡሩምባውን እየወለወለ። "በሽታው ግን የእድራችን አባል ስላልሆነ እኔን አይሰማም። የዛሬው ቀብር እንደማይመለከተው ገልጸው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እርስዎ ይጻፉለት። ግልባጩ ግን ለመቃብር ቆፋሪው ይድረስ።"