የሲኒ በር እንቁላል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ወገራ በሚያወጣው የድሮ የሲራራ መንገድ፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ሲኒ በር የሚባል አጥቢያ አለ። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ ሲኒ የሚሠራበት አገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር አንድም ሸክላ ሠሪ ኖሮ አያውቅም። ሲኒ ማለት ጥንት በዐረብ ነጋዴዎች አፍ የቻይና ዕቃ ማለት ነበር፤ የቡና መጠጫው ስሙን ወርሶ ባለቤቱን አስረሳ እንጂ። በሩም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች በር ነው። ከጉበኑ በላይ፣ በኖራው ውስጥ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ሁለት ስባሪዎች ተቀብረው ይታያሉ፤ ነጭ ናቸው፣ ሥዕላቸው ሰማያዊ ነው። በአንደኛው ላይ አፉን የከፈተ ባለ ቀንድ ዘንዶ አለ፣ በሌላው ላይ ዙሪያውን እሳት የሚልሰው ድቡልቡል ነገር። ከውስጥ ፈረሰኛው ሰማዕት ዘንዶውን በጦር ወግቶ ይረግጠዋል፤ ከውጭ ዘንዶ በክብር ተቀምጧል። ይህ ነገር እንዴት አንድ ግድግዳ ላይ ተስማማ ለሚል ሰው፣ የአጥቢያው ሽማግሌዎች የደብሪቱን ነገር ያነሡለታል።

እንደሚነገረው፣ ነገሥታቱ ገና ጎንደር ላይ ይቀመጡ በነበረበት ዘመን፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ አንዲት ባለጸጋ ለነፍሳቸው መታሰቢያ ይሆናቸው ዘንድ ያንን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ነበር። ኖራ ከሚያቦኩትና ግድግዳ ከሚመርጉት ሴቶች መካከል ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ይህች ሴት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቱም እንጨት ለመልቀም እንደወጣች ቀረች። ወደ ባሕር በሚወርድ ሲራራ ውስጥ በበቅሎ ላይ ታስራ አየናት ያሉ ነበሩ፤ ጅብ በልቷታል ያሉት ግን በለጡ። ጅቡን ተከትሎ እስከ ምፅዋ እንዲወርድ የሚጠበቅበት ሰው የለምና። ልጅቱን አልጣሽ ብላ የሰየመቻት ደብሪቱ ራሷ ነበረች፤ ስሙ ጸሎት መሆኑን ግን ያወቀችው ከጠፋች በኋላ ነው ይባላል።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ዘመዶቿ ተዝካር አውጪ እያሉ ያስጨንቋት ጀመር። የደብሩ አለቃ ዘሚካኤልም የማይዋሹ፣ የማይስቁ፣ መጽሐፍ የጠገቡ ሰው ነበሩና፣ አስጠርተው «ልጄ፣ ፍትሐቷን እናድርስላት፣ ስሟ ከሙታን ጋር ይጠራ፤ ነፍሷም ትረፍ፣ አንቺም ዕረፊ» አሏት።

«አባቴ፣ ስለ መንገደኞች በሚጸለየው ላይ ይጥሩልኝ» አለች።

«መንገደኛ የሄደበት ይታወቃል። ያንቺ ልጅ ወዴት ሄደች?»

ደብሪቱ እጅ ነሥታ ወጣች። ወደ ኖራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሷ የሚፈለገው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች፤ ሞታለች የምትል ቃል። እሷም ያቺን ቃል ከአፏ ላለማውጣት ስትል ከሰው ጋር መነጋገሩን ሁሉ እየቀነሰች ሄደች።

ግድግዳው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ከምፅዋ የወጣ ነጋዴ ለወይዘሮ አስካለ በገለባ የተጠቀለለ ትልቅ የቻይና ጎድጓዳ ሳህን አመጣላቸው። በነገሥታቱ ቤት እንዲህ ያለው ሳህን በግንብ ላይ ይተከል ስለነበር፣ እርሳቸውም ከሴቶች በር በላይ እንዲተከልላቸው አሰቡ። ደብሪቱ እንድታጥበው ተሰጣት። ገለባው ሲራገፍ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበባት። በሳህኑ ሆድ ውስጥ፣ በደመና መካከል፣ አንድ ዘንዶ ተጠምዝዞ ነበር፤ ቅርፊቱ የዓሣ፣ ቀንዱ የአጋዘን፣ ጥፍሩ የንስር፣ ክንፍ ግን የለውም። ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ አራት ጣት ያህል ከፊቱ የራቀውን ድቡልቡል ነገር ያሳድዳል።

«ይሄ ፀሐይን ሊውጥ ነው» አለ ግንበኛው ተድላ።

ደብሪቱ ውኃው ከእጇ እየተንጠባጠበ ብዙ አየችው። «ልትውጥ አይደለም» አለች። «እንቁላሏ ነው። ወስደውባት እየፈለገችው ነው።»

«እንቁላል ከሆነማ» አለች አንዲቱ መራጊ፣ «ጾሙ ሲፈታ ጠብሰን እንበላዋለና!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ አለቃ ዘሚካኤል ደረሱ። ሳህኑን አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰማዕቱ ከውስጥ የገደለውን እናንተ ከውጭ ልታነግሡት ነው? እሱ የሰው ጠላት ነው።»

«እሷ ማንንም አልነካችም፣ አባቴ» አለች ደብሪቱ።

«እሱ!» አሉ አለቃ።

«እሷ» አለች ደብሪቱ። «ዓይኗን ይዩት። ሊበላ የሚሮጥ እንዲህ ያያል? እንዲህ የሚያይ የጠፋበት ነው። ሳህኑ የመጣውም ልጄ በሄደችበት መንገድ ነው፤ መጥፋቷን ባታውቅ ኖሮ እንዲህ አድርጋ አታየኝም ነበር።»

አሁን የሳቀ አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ አንዴ አለቃን፣ አንዴ ሳህኑን አዩ፤ ከቤተ ክህነት ጋር መጣላቱን አልፈለጉምና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዞር አሉ። አለቃም «ይሰበርና ከኖራው ይደባለቅ» ብለው ፈረዱ። «የምትሰብረውም የዘንዶው ጠበቃ ራሷ ትሁን።»

ደብሪቱ ሳህኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ኖራ ወደሚፈጭበት ድንጋይ ወሰደችው ይላሉ። አልወረወረችውም። በገለባው ላይ ደፍታ በተድላ መዶሻ በቀስታ መታችው፤ ስትገለብጠው ስንጥቁ በዘንዶዋ አፍና በእንቁላሉ መካከል አልፎ ነበር። የዘንዶዋ ጭንቅላት ያለበትን አንድ ስባሪ፣ እንቁላሉ ያለበትን አንድ ስባሪ መርጣ ማንም ሳያያት በመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ የቀረውን እንደታዘዘችው ፈጭታ ከኖራው አቦካችው። አለቃ እስኪያልቅ ቆመው አዩና ሄዱ።

የሴቶች በር ግድግዳ የመጨረሻው ምርጊት ሲመረግ ተራው የሷ ነበር። ሁለቱን ስባሪ ከጉበኑ በላይ በእርጥቡ ኖራ ውስጥ ተከለቻቸው። ስትተክላቸው ግን በሳህኑ ላይ እንደነበሩት አላራቀቻቸውም፤ እንቁላሉን ወስዳ ከዘንዶዋ አፍ ጋር አገጣጠመችው። ከበታች ኖራ የሚያቀብላት ተድላ ሥራዋን አይቶ «ምን እያደረግሽ ነው?» ቢላት፣ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?» አለችው። ተድላም ኖራውን አቀበላት። በላዩ ስስ ኖራ አለበሰችበትና ወረደች።

የዚያ ዓመት ክረምት ብርቱ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ስሱን ኖራ አጠበው። አንድ ጠዋት ምእመናኑ ከቅዳሴ ሲወጡ ዘንዶዋ ከነእንቁላሏ፣ ትናንት የተሣለች ይመስል፣ ከሴቶች በር በላይ ተገልጣ ተገኘች። ሕዝቡ ቆመ። ደብሪቱን የሚወዷት ሴቶች ሽሺ ብለው ክንዷን ሳቧት፤ እሷ ግን ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች። አለቃም መጡ፤ በትራቸውን ተደግፈው ቀና ብለው አዩ።

«ማን ነው ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

አለቃ በበትራቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «በሳህኑ ላይ እንዲህ አልነበረም። ይራራቁ ነበር።»

«ይራራቁ ነበር። ቻይናው ሳይጨርሰው ነው የላከው፤ እኔ ጨረስኩለት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። «መንገደኛ የሄደበት ይታወቃል ብለውኝ ነበር» አለች። «እርስዎ ከላስታ ለትምህርት ሲወጡ ገና ልጅ ነበሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። እናትዎ የሄዱበትን ያውቁ ነበር? ተዝካርዎን አውጥተው ይሆን፣ አባቴ? ወይስ እስከ ዛሬ በመንገደኞች ያስጠሩዎት ይሆን?»

ያን ቀን የነበሩ ሰዎች ለልጆቻቸው እንደነገሩት፣ አለቃ ዘሚካኤል ግድግዳውን ደግመው አዩት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አገኘችው በይኛ» አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ ሲሉት የኖሩትን እሷ ብለው ሄዱ።

በተከታዩ እሑድ፣ ቅዳሴው ስለ መንገደኞች ከሚጸለይበት ላይ ሲደርስ፣ አለቃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አልጣሽ» አሉ። ደብሪቱ በሴቶች በር አጠገብ በግንባሯ ወደቀች። ነገር ግን አለቃ በዚያ አላበቁም፤ ጥቂት ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «ቸኮል» የሚል ስም ጨመሩ። በአጥቢያው ቸኮል የሚባል ሰው ስላልነበረ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አለቃ ልጅ ሳሉ እናታቸው ላስታ ላይ ያወጡላቸው የቤት ስም እንደነበረ የታወቀው ቆይቶ ነው ይባላል።

አልጣሽ ተመለሰች የሚሉ አሉ፤ አልተመለሰችም የሚሉት ይበዛሉ፤ ደብሪቱም ተዝካር ሳታወጣ ሞተች። ከዚያ ወዲህ በሲኒ በር ሄዶ የቀረ ሰው፣ ሬሳው እስካልታየ ድረስ፣ ስሙ ከሙታን ጋር አይጠራም። መጽሐፍ ያገላበጡ ሰዎች በቻይና አገር ዘንዶ ዝናብ የሚያዘንብ የደመና ጌታ እንደሆነ፣ የሚያሳድደውም እንቁላል ሳይሆን ዕንቁ እንደሆነ ይናገራሉ፤ በሐርም በሸክላም በጣውላም ላይ ለዘመናት ሲያሳድደው እንደኖረና እንዳልደረሰበትም ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። የሲኒ በር ሴቶች ግን ይህን ቢሰሙ፣ የደረሰችበት እኛ ግድግዳ ላይ ብቻ ነዋ ብለው ያልፉታል እንጂ ሐሳባቸውን አይለውጡም።

ዛሬ ኖራው በየዓመቱ ሲታደስ ሁለቱ ስባሪዎች ሳይነኩ ይቀራሉ። ልጆቻቸው በበረሃውና በባሕሩ ወደ ዐረብ አገር ወጥተው ድምፃቸው የጠፋባቸው እናቶች መሰላል ተደግፎላቸው ይወጣሉ፤ ስባሪዎቹ የተጋጠሙበትን ቦታ በአንድ ጣት ነክተው ይወርዳሉ። የሚጠራው ስም በየዓመቱ እየረዘመ ነው፤ አገር ማስረዘሙን ያውቅበታል። ስሞቹ ግን ሁልጊዜ የሚጀምሩት በአልጣሽና በቸኮል ነው። አዲስ የተሾመ ቄስ በአንድ ወቅት፣ እነዚህ ሁለቱ እንኳ መቼም ሞተዋል፣ ይቀነሱና ጸሎቱ ይጠር ቢል፣ ከሴቶች በኩል አንዲት አሮጊት «አባ፣ ቀብረዋቸዋል?» አለችው ይባላል።

ቄሱም በሚቀጥለው እሑድ ከአልጣሽ ጀመረ።