ያልላሰ አይናገርም

በዚያ ዱር ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። አንበሳ ይገዛሉ፣ ጅብ ይነግዳል፣ ቀበሮ ለሁለቱም ያስባል፣ የቀረው ደግሞ ይስማማል። ወንዙ ከላይ ለሚጠጣው ጥርት ያለ ነው፤ ከታች የሚጠጣው ቢደፈርስበት ከላይ ማን እንደ ገባ አይጠይቅም። ጨው ግን ለሁሉም ይዳረስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ሥር ትልቅ አሞሌ ይቀመጣል፤ ጌታው አንበሳም ፍልፈልም በየተራቸው ይልሳሉ። "በእኛ አገር እኩልነት አለ" የሚባለውም በዚህ ነው።

ጨው ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ አልነበረም። ከገደሉ ማዶ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ የአያ ጅቦ ነው። ደላላው ቁራ በየመንደሩ እየዞረ "ጨው አገር ሥራ አለ፤ ሣሩም ለምለም ነው" ይላል፤ ያመነው ይሄዳል። በልጥ ገመድ ያወርዱታል። ከዚያ ወዲያ ገመዱ ወደ ላይ የሚጎተተው ለጨው ብቻ ነው።

የእመት ሚዳቋ ልጅ ቦራ የወረደው አምና በበጋ ነበር። ስንቅ ቋጥራ የሸኘችው ራሷ ናት። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄዳ ተጣራች፤ ከታች የሚፍቅ የሰኮና ድምፅ እንጂ መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ውስጧ ደነዘዘ። ሣር ትግጣለች፣ ጣዕሙ አይሰማትም። ጎረቤቷ ጋሽ ከርከሮ "እንዴት አደርሽ?" ሲላት "እግዜር ይመስገን" ትላለች፤ እንዴት እንዳደረች ግን አታውቀውም። እንደ ሁሉም በየጠዋቱ ሄዳ ጨው ትልሳለች።

ወሬው እየበዛ ሄደ። የጎረቤት ዱር ወፎች ሳይቀሩ "እናንተ እኮ ባሪያ ቆፍሮ ባወጣው ጨው ነው የምትወፍሩት" ማለት ሲጀምሩ ጌታው አንበሳ አፈሩና ሸንጎ ጠሩ። እንደ ጥንቱ ልማድ አሞሌው መሃል ላይ ተቀመጠ። የዚያ ዱር ሸንጎ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ተናጋሪ አስቀድሞ ጨው ይልሳል። ጨው የላሰ ምላስ አይዋሽም ይባላል። ያልላሰ አይናገርም፤ ቢናገርም እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ጨውን ሊያወግዙ ተሰብስበው በጨው መጀመራቸው ለማንም አልታየም። ሁልጊዜ የሚጀመረው እንዲሁ ነዋ።

አንበሳ ላሱና "በግዛታችን ባሪያ አለ መባሉ እጅግ አሳዝኖናል፤ እንቅልፍም ነስቶናል" አሉ። እንቅልፍ ያጡ አይመስሉም ነበር።

አያ ጅቦ አፉን ጠራርጎ፣ ድምፁን አለዝቦ ቀጠለ። "የልጆቹ ነገር የእኔንም አንጀት ይበላዋል" አለ። "ግን ወገኖቼ፣ ከነጋ ጀምሮ ጨው ጨው የምትሉት እናንተ ናችሁ። ገበያውን እኔ አልፈጠርኩትም። ይልቅ ነጋዴዎች አንድ ማኅበር እናቋቁምና ጉዳዩን እናጥና። ሰብሳቢነቱን፣ ሸክምም ቢሆን፣ እኔ እወስደዋለሁ።" መሬቱ በኮቴ ተደበደበ፤ ጭብጨባቸው ነው።

ቀበሮም ላሰና "የሕዝቡም ድርሻ አለበት። አበው እንዳሉት ድር ቢያብር አንበሳ..." ሲል ዓይኑ ከጌታው ዓይን ጋር ተጋጨና ዋጥ አደረጋት። "ድር ቢያብር ጥሩ ነው" ብሎ ጨረሰ። ከዚያም በየዓመቱ ጉድጓዱ የሚታሰብበት በዓል እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ፤ እንግዳ ስለሚበዛም በዕለቱ ጨው እንዳይጎድል አደራ አለ።

ቀጥሎ ሕዝቡ እንዲናገር ተፈቀደ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከሁሉም ፊት እመት ሚዳቋ ናት። የምትለውን ከቤቷ አዘጋጅታ መጥታለች፤ ልጄን አውጡልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ወደ አሞሌው ጎንበስ ብላ ምላሷን አወጣች። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰኮና የጫረው ጠባብ ጭረት ነበር። የሚዳቋ ሰኮና ነው። የቦራ ይሁን የሌላ እናት ልጅ አላወቀችም።

አላለቀሰችም። ደረቷ ውስጥ የተነሣ ነገርም አልነበረም። ምላሷ ብቻ ወደ አፏ ተመለሰ። "የምልሰው እኔ ነኝ እኮ" አለች በሆዷ፤ "እኔ ስለምልስ ነው እሱ የሚፍቀው።"

ከሁሉ ቀድሞ የላሰው ሥርዓት አስከባሪ አባ ኤሊ አንገቱን ብቅ አደረገ። "እመት፣ ይላሱና ይናገሩ።"

ምላሷን መልሳ አላወጣችም።

"ካልላሱ ሕጉ አይፈቅድም። እንግዲያው ለተረኛው ይልቀቁ።"

አልለቀቀችም። ደፍራ አይደለም፤ ከዚያ ተነሥታ የምትሄድበት ስላጣች ነው።

ከኋላዋ የቆመው ጋሽ ከርከሮ ነው። በትከሻው ገፋ ቢያደርጋት ትወድቅለት ነበር። "ግፋት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለው አያ ጅቦ በለሆሳስ። ከርከሮ እሷን አየ፤ ጨውን አየ። ደላላው ቁራ ሰሞኑን የእህቱን ልጅ እያነጋገረው እንደሆነ ሰምቷል። መሬት መሬቱን እያየ ባለበት ቀረ። ከእሱ ኋላ ጃርት ቆመች፤ ከጃርት ኋላ ጉሬዛ። አዝነው ይሁን መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ራሳቸውም አያውቁትም።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አንበሳ።

ማን ይመልስላቸው? ያልላሰ አይናገርም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። የላሱት ጌታው፣ ጅቦ፣ ቀበሮና ኤሊ ብቻ ስለሆኑ እርስ በርስ ተያዩ። "ቀበሮ፣ አንድ ነገር በል እንጂ" አሉ ጌታው። ቀበሮ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው።

አያ ጅቦ ግን ነጋዴ ነው። እመት ሚዳቋን አላያትም፤ ሰልፉንም አላየም። እኩለ ቀን ሆኖ ከሕዝቡ አንድ ምላስ እንኳ ያላረፈበትን አሞሌ ትክ ብሎ ያያል፤ የማይላስ ጨው ማን ይገዛዋል?