የሰባቱ ጉድጓዶች ውል

አንድ የውሃ አባት ነበረ። በቆላ አገር በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ ለከብቱም ለግመሉም ተራ ይሰጣል። ሕጉ «ቀድሞ ምልክቱን ያኖረ ቀድሞ ያጠጣ» ይላል። ይህን ሕግ መንደሩ ብቻውን አላወጣውም። የሰባት ጉድጓድ ሽማግሌዎች መንገደኛ በየደረሰበት እንዳይጉላላ ብለው አብረው መከሩበት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ መንደሩ ወስዶ የራሱ አደረገው። የዚህ መንደር ሰው የሚያኖረው ምልክት ግን ሁልጊዜ በትር ስለሆነ፣ ሌላ ምልክት መኖሩን ከረሳው ቆይቷል።

አንድ ቀን አንድ ሲራራ ነጋዴ የተጠሙ ግመሎቹን እየነዳ መጣ። አንዲቱ ግመል ግልገል ታጠባ ነበርና ወተቷ ነጥፎ ግልገሉ መቆም አቅቶታል። ነጋዴው በማለዳ ሰው ልኮ በጉድጓዱ አፍ የሚታወቅበትን ባለ ሦስት ቋጠሮ ገመድ አሳስሯል። የመንደሩ ሰዎች ከገመዱ በኋላ መጥተው በትራቸውን አኖሩ። ጉድጓዱ በቀን ከአንድ መንጋ በላይ አያጠጣም።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አሉ የመንደሩ ሰዎች። ገመድ ምልክት አይደለም፣ የሕጋችንንም ትርጉም የምንፈታው እኛው ነን ብለው ተከራከሩ። የውሃ አባቱም ሊስማማ ምንም አልቀረው። ነጋዴው ነገ ይሄዳል፤ የመንደሩ ሰዎች ግን ዘመዶቹ ናቸውና አብረውት ይኖራሉ። ግልገሉ ደግሞ አሳዘነው። ቢሆንም በአንጀት አይፈረድም። ስለዚህ አገር ለአገር የዞረ አንድ ጎረቤቱን አስጠርቶ ሌሎቹ ስድስት ጉድጓዶች እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቀው። ሰውዬውም በአንዳንዱ አገር ዛፍ እንኳ እንደሌለ፣ ስለዚህ በስድስቱም ጉድጓድ ድንጋይም ይሁን ቋጠሮ ባለቤቱ የታወቀበት ነገር ሁሉ ተራ እንደሚይዝ ነገረው።

የውሃ አባቱ ተነስቶ በትሮቹን ወደ ጎን አደረገ።

«ሕጉ የእኛ ነው» አለ፤ «የተዋዋልነው ግን ሰባት ሆነን ነው። ስድስቱ የሚያውቁትን ምልክት እኛ ብቻ አናውቅም ካልን፣ አፈረስነው እንጂ አልፈታነውም።»

የመጀመሪያውን ውሃ በገዛ እጁ ለግመሎቹ ቀዳ። ከብቶቹ ሳይጠጡ ያደሩበት አማቹ ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ነሳው።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም አሁን ዳኛ ነሽ። «የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ የራሳችን ሆኖ ሳለ፣ ስተረጉመው አገሮች ተማክረው ለናሙና ያዘጋጁትን ዓለም አቀፉን ሞዴል ሕግ ለምን አያለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሞዴሉ የሰባቱ ሽማግሌዎች ምክር ነው። አያዝሽም፤ የምትፈርጂው በአዋጁ ነው። ግን ከሩቅ አገር በኮምፒውተር የተፈረመ ውል ሲቀርብልሽ፣ ብዕር ያልነካው ነው ብለሽ ውድቅ ከማድረግሽ በፊት ድንጋጌው ከየት እንደመጣና ሌሎቹ አገሮች እንዴት እንደፈቱት ጠይቂ። ዛሬ እንግዳውን ብትመልሺው፣ ነገ ያገርሽ ሰው በእነሱ ጉድጓድ ሲቆም ማን ያጠጣዋል?